የእናቶችን ደም ማነስ ምክንያት ከገበታ ላይ ያገኙት ሐኪም

በየገጠሩ በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ለነፍሰ ጡር እናቶች ከሚታደሉት መድኃኒቶች አንዱ ብረትንና ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቪታሚን አጣምሮ የያዘው እንክብል ነው። ዋጋው ርካሽ የሆነው ይህ እንክብል ከእናቶች እጅ ለመድረስ ረጅም መንገድ ተጉዟል። የመንገዱ መነሻ በሕንድ አገር የምትገኘው የቦምቤይ ከተማ ስትሆን፣ ጉዞውን ያስጀመሩትም ዶክተር ሉሲ ዊልስ የተባሉ እንግሊዛዊት ሐኪም ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሉሲ ዊልስ የተወለዱት በግንቦት ወር 1888 በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ አጠገብ ነው። በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋትንና የሥነ ምድርን ትምህርት ተከታትለው በ1911 ፈተናቸውን ቢጨርሱም ዲግሪ አልተሰጣቸውም። ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን ተቀብሎ ያስተምርና ይፈትን ነበር እንጂ እስከ 1948 ድረስ ሙሉ ዲግሪ አይሰጣቸውም ነበር። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ደቡብ አፍሪካ ስለነበሩ በኬፕ ታውን በአንድ ሆስፒታል ለጥቂት ሳምንታት በፈቃደኝነት ሕሙማንን አስታመሙ። ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ በለንደን ከተማ ወደሚገኘው የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ገብተው በ1920፣ በ32 ዓመታቸው ሐኪም ሆኑ። ከዚያም የግል ሐኪም ሆኖ ከመሥራት ይልቅ በሮያል ፍሪ ሆስፒታል የምርመራ ክፍል መሥራትን መረጡ።

በዚያን ጊዜ በቦምቤይ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች የሚሠሩ ሴቶች በእርግዝና ወራት በከባድ ደም ማነስ ይጠቁ ነበር። ፊታቸው ይገረጣል፣ እግራቸው ያብጣል፣ ትንሽ ሲራመዱ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ብዙዎቹም ከወሊድ በፊት ወይም በወሊድ ጊዜ ይሞቱ ነበር። የእናቶችን ሞት የሚመረምር የጥናት ቡድን በቦምቤይ በሃፍኪን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ስለነበር፣ በሕንድ የሕክምና አገልግሎት ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ማርጋሬት ባልፎር የሉሲ ዊልስን እርዳታ ጠየቁ። እርሳቸውም በ1928 ወደ ሕንድ ሄዱ።

ዶክተር ዊልስ መጀመሪያ ሕመሙን የሚያመጣ ተውሳክ እንዳለ ፈለጉ፤ አላገኙም። ቀጥሎ ከሕንዳውያን ባልደረቦቻቸው ከመህታና ከታልፓዴ ጋር ሆነው ስለ ሴቶቹ ኑሮና ምግብ አጠኑ። ማን ምን ይበላል? በሳምንት ስንት ቀን አትክልት ያገኛል? ሥጋ፣ ወተትና ፍራፍሬ ከየትኛው ቤት ይገባል? እንዲህ ያለው ጥያቄ ለብዙ ሐኪሞች ከሥራቸው ውጪ የሆነ ተራ ወሬ ይመስል በነበረበት ዘመን እርሳቸው ዋና ሥራቸው አደረጉት። መልሱም ግልጽ ሆኖ ወጣ። እርግዝናው ለሁሉም አንድ ሲሆን ሕመሙ ግን ከቤት ቤት ይለያይ ነበር። ገበታቸው የተሟላ ሀብታም ሴቶች እምብዛም አይታመሙም፤ በድህነት የሚኖሩትና አትክልትና ፍራፍሬ ከገበታቸው የማይደርሰው፣ በተለይም ድሆቹ የእስልምና ተከታዮች፣ ከሁሉ ይበልጥ ይጠቁ ነበር።

ጥርጣሬው ወደ ምግብ ካመለከተ ዘንድ ማስረጃው መገኘት ነበረበት። ዶክተር ዊልስ የድሆቹን ምግብ የሚመስል መኖ እያዘጋጁ ለአይጦች ሰጡ። አይጦቹም ደማቸው አነሰ። በመኖው ላይ እርሾ ሲጨመርበት ግን ሕመሙ ቀረ። ነገሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ይሁን እንጂ አይጦቹ ቅማል እንደነበረባቸውና ቅማሉም የደም ማነስ የሚያመጣ ሌላ ተውሳክ እንደሚያስተላልፍ ታወቀ። ብዙ ተመራማሪ ጥሩ ውጤት ከእጁ ከገባ በኋላ ስለ አይጥ ቅማል መጨነቅ አይወድም። እርሳቸው ግን ውጤቱ መበላሸቱን ተቀብለው ሙከራውን ሬሰስ በሚባሉት የሕንድ ጦጣዎች ላይ እንደገና ሠሩ። ጦጣዎቹም በዚያው ምግብ ታመሙ፤ በእርሾም ዳኑ።

ሕሙማኑ እናቶች ግን ምርምሩ እስኪጠናቀቅ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። ስለዚህ ዶክተር ዊልስ በቦምቤይና በማድራስ ሆስፒታሎች ለተኙት ነፍሰ ጡሮች ማርማይት የተባለውን ጥቁርና ወፍራም ቅባት መሰል ምግብ መስጠት ጀመሩ። ማርማይት ከቢራ ጠመቃ ከሚተርፍ እርሾ የሚዘጋጅ ሲሆን እንግሊዞች በዳቦ ላይ እየቀቡ የሚበሉት ርካሽ ነገር ነው። በደም ማነስ ተዳክመው ሊሞቱ የተቃረቡት ሴቶች በቀናት ውስጥ ምግብ መፈለግ ጀመሩ፤ አዲስ ቀይ የደም ሕዋስም በደማቸው ውስጥ ታየ። ውጤቱ በ1931 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ታተመ።

በእርሾው ውስጥ ያለው ፈዋሽ ነገር ምን እንደሆነ ገና አልታወቀም ነበር። በዘመኑ ፐርኒሺየስ አኒሚያ የተባለውን ሌላ የደም ማነስ በጉበት ማዳን ተችሎ ስለነበር፣ ሁለቱ ሕመሞች አንድ ናቸው ተብሎ ይገመት ነበር። ዶክተር ዊልስ ግን ተጣርቶ የተዘጋጀው የጉበት መርፌ የቦምቤይን ዓይነት ሕመም እንደማያድን፣ ያልተጣራው ጉበትና እርሾው ግን እንደሚያድኑ አሳዩ። ስለዚህ ሌላ ያልታወቀ ንጥረ ነገር መኖር አለበት። ሳይንቲስቶችም ለጊዜው በስማቸው የዊልስ ንጥረ ነገር አሉት። በ1941 በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች 4 ቶን ከሚሆን የስፒናች ቅጠል አንድ ቪታሚን ለይተው ሲያወጡ ከላቲን ቋንቋ ቅጠል የሚለውን ቃል ወስደው ፎሊክ አሲድ ብለው ሰየሙት። የዊልስ ንጥረ ነገርና ይህ ቪታሚን ከአንድ ወገን መሆናቸው ኋላ ተረጋገጠ።

ሰውነት አዲስ ሕዋስ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ ይህን ቪታሚን ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር የራሷንም ደም ትጨምራለች፣ የፅንሱንም አካል ትሠራለች። ቪታሚኑ ሲጎድል በመቅኔ ውስጥ ያሉት የደም ሕዋሳት ሳይበስሉ እየገዘፉ ይቀራሉ። ጎመን፣ ምስር፣ ባቄላና ጉበት ቪታሚኑን በብዛት ይዘዋል፤ ብዙ ሲቀቀሉ ግን አብዛኛው ይጠፋል።

ዶክተር ዊልስ ከሕንድ ወደ ለንደን ተመልሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዓመታት በሆስፒታላቸው ሠሩ። በሐምሌ ወር 1944 ሆስፒታሉ በጀርመን በራሪ ቦምብ ተመትቶ ሰዎች ሲሞቱ የእርሳቸውም ሥራ ለጥቂት ቀናት ብቻ ተቋረጠ። በዚሁ ወቅት የምግብ ራሽንና የብረት መድኃኒት ለነፍሰ ጡሮች ደም ያላቸውን ጥቅም መርምረው ውጤቱን በ1947 አሳተሙ። በዚያው ዓመት ጡረታ ቢወጡም አላረፉም። በጃማይካ፣ በደቡብ አፍሪካና በፊጂ ደሴቶች ስለ ምግብና ስለ ደም ማነስ ማጥናታቸውን ቀጠሉ። ትዳር ሳይመሠርቱ ኖረው በሚያዝያ ወር 1964 በ75 ዓመታቸው ዐረፉ።

ከሞቱ ከ27 ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ በ7 አገሮች የተካሄደ ጥናት ፎሊክ አሲድ ሌላም ጥቅም እንዳለው አረጋገጠ። ከዚህ ቀደም የጀርባ አጥንቱ ወይም የራስ ቅሉ ያልተዘጋ ሕፃን የወለዱ እናቶች ቪታሚኑን ከእርግዝና በፊት ጀምረው ሲወስዱ ችግሩ ዳግመኛ የመድረሱ ዕድል በ72 በመቶ ቀነሰ። ይህ የፅንስ ክፍል የሚዘጋው በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ውስጥ ስለሆነ ብዙዎች ማርገዛቸውን ሳያውቁ ጊዜው ያልፋል። ለዚህም ሲባል አሜሪካ ከ1998 ጀምሮ ቪታሚኑ በፋብሪካ ዱቄት ላይ እንዲጨመር በሕግ ደነገገች፤ ሌሎች ብዙ አገሮችም እንዲሁ አደረጉ። የፋብሪካ ዱቄት የምትገዛ እናት ቪታሚኑን ሳታውቀው ታገኛለች። የራሷን እህል በመንደር ወፍጮ የምታስፈጭ የገጠር እናት ዘንድ ግን በዚህ መንገድ አይደርስም።