ቪኑ ማንካድ
ቪኑ ማንካድ (ኤፕሪል 12 ቀን 1917 – ኦገስት 21 ቀን 1978 እ.ኤ.አ.) የሕንድ ክሪኬት ተጫዋች ነበር። በጉጃራት፣ ጃምናጋር ከተማ ተወለደ። ቴስት በሚባለው ለቀናት በሚዘልቅ የአገሮች ግጥሚያ ለሕንድ 44 ጊዜ ተሰልፏል፤ ኳስ ወርዋሪም መቺም ነበር።

በክሪኬት ሁለት መቺዎች አብረው ሜዳ ላይ ይቆማሉ፤ አንዱ ኳሱን ሲጠብቅ ሌላው በወርዋሪው በኩል ይቆያል። ይህ ሁለተኛው መቺ ሩጫውን ለማሳጠር ኳሱ ሳይወረወር ከመስመሩ ቢወጣ፣ ወርዋሪው በያዘው ኳስ የዊኬቱን እንጨቶች አፍርሶ ከጨዋታ ሊያስወጣው ይችላል። ማንካድ በዲሴምበር 1947 በሲድኒ ቴስት አውስትራሊያዊውን ቢል ብራውን ያስወጣው በዚህ መንገድ ነው። በዚያው ጉዞ ቀደም ባለ ግጥሚያም ብራውንን መጀመሪያ አስጠንቅቆት፣ ጥፋቱን ሲደግም አስወጥቶት ነበር።

አንዳንድ ጋዜጦች ድርጊቱን ከጨዋነት የራቀ ነው ብለው ነቀፉት። የአውስትራሊያው አምበል ዶናልድ ብራድማን ግን ሕጉ ግልጽ መሆኑን ጠቅሶ ለማንካድ ተከራከረ። ሆኖም ድርጊቱ «ማንካዲንግ» ተብሎ በስሙ ተጠራ፤ ስሙም ለብዙ ዓመታት መነቀፊያ ሆኖ ቆየ።

የማንካድ ሥራ ግን ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። በ1952 በለንደን ሎርድስ ሜዳ በአንድ ቴስት 72 እና 184 ሩጫ አስቆጥሮ አምስት የእንግሊዝ መቺዎችን አስወጣ። በ1956 በማድራስ ከፓንካጅ ሮይ ጋር ጨዋታውን ከፍተው ያስመዘገቡት 413 ሩጫ እስከ 2008 ድረስ ክብረ ወሰን ነበር።

በ2022 ይህ ደንብ «ፍትሐዊ ያልሆነ ጨዋታ» ከሚለው የሕጉ ክፍል ወጥቶ ከተለመዱት የማስወጫ መንገዶች ጋር ተመደበ። ማንካድ ከሞተ 44 ዓመት ሆኖት ነበር።