የበረዶው ነጋዴ የፍሬደሪክ ቱዶር ታሪክ

በክረምት በረዶ ሲጥል ሜዳው ለጥቂት ጊዜ ነጭ ሆኖ ይታያል። ፀሐይ በወጣች ጊዜ የተበተነው ጠጠር ሁሉ ወዲያው ይቀልጣል፤ ጎርፍ ገፍቶ በአጥር ሥር የቆለለው ግን ብዙ ይቆያል። ይህን ሁላችንም አይተናል፤ ምክንያቱን የጠየቅን ግን ጥቂቶች ነን። በዚሁ ነገር ምክንያት አስቀድሞ ወህኒ የወረደ፥ በኋላም ባለጸጋ የሆነ አንድ ሰው ነበር።

ፍሬደሪክ ቱዶር በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ በ1783 ዓ. ም. ተወለደ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የታወቁ የሕግ ሰው ነበሩ። ወንድሞቹ በሐርቫርድ ሲማሩ እርሱ ግን በ13 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ ወደ ንግድ ገባ። በዚያ አገር በብርድ ወራት የኩሬው ውሃ ረግቶ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ቱዶርም ይህን በረዶ እየቆረጠ በሞቃት አገር ለመሸጥ አሰበ።

በ1806 ዓ. ም. 130 ቶን ያህል በረዶ በመርከብ ጭኖ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሄደ። የከተማው ነጋዴዎች ሳቁበት። በረዶው ከደሴቱ ደረሰ፤ ነገር ግን ማስቀመጫ ቤት ስላልተዘጋጀለት ቀለጠ፥ እርሱም 4,000 ዶላር ያህል ከሰረ። ከዚህም በኋላ ዕዳው እየበዛ ሄዶ በ1812 እና በ1813 ዓ. ም. ታሰረ። ይሁን እንጂ ተስፋ አልቆረጠም። በሃቫና የበረዶ ቤት ሠርቶ የሚንጠባጠበውን ውሃ እየለካ ልዩ ልዩ መሸፈኛ ሞከረ፤ ከሁሉም ሰጋቱራ ተሻለው።

አንድ ችግር ግን ቀረ፤ ይኸውም የበረዶው ቅርጽ ነው። ሙቀት ወደ በረዶ የሚገባው በገጹ በኩል ነው። ርዝመቱም፥ ወርዱም፥ ከፍታውም 1 ሜትር የሆነ በረዶ 6 ካሬ ሜትር ገጽ አለው። ይኸው በረዶ በየአቅጣጫው 10 ሳንቲሜትር በሆኑ ቁራሾች ቢከፈል 1,000 ቁራሽ ይወጣዋል፤ ገጻቸውም ሲደመር 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። ክብደቱ ያው ነው፤ ሙቀት የሚገባበት በር ግን ዐሥር እጥፍ ሰፋ። 5 ሜትር ርዝመት፥ 2 ሜትር ወርድና 10 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ቢሆንም ገጹ 21.4 ካሬ ሜትር ይሆናል። እንደ ኳስ ድቡልቡል ቢሆን ግን 4.84 ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ከቅርጾች ሁሉ ትንሹ ገጽ የድቡልቡል ነው።

ታዲያ በረዶውን ድቡልቡል ማድረግ አይሻልም ነበርን? ለአንድ ቁራሽ ይሻላል። ለመርከብ ጭነት ግን አይሆንም፤ ድቡልቡል ነገር ሲደረደር በመካከሉ ክፍተት ይቀራልና አየር ይመላለስበታል። በእጅ የሚቆረጠው የቱዶር በረዶም ቅርጹ የተዛባ ስለነበረ እንዲሁ ክፍተት ነበረበት። በ1825 ዓ. ም. ናትናኤል ዋየት የተባለ ሰው በፈረስ የሚጎተት፥ እንደ ማረሻ ያለ የበረዶ መቁረጫ ሠራ። መሣሪያው በረዶውን በእኩል አራት ማዕዘን ይከፍለው ነበር። ይህም እንደ ጡብ ተገጣጥሞ ሲደረደር ብዙው ቁራሽ እንደ አንድ ትልቅ ድንጋይ ሆነ፤ ሙቀትም የሚያገኘው የውጭውን ገጽ ብቻ ሆነ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው።

በ1833 ዓ. ም. የቱዶር መርከብ 180 ቶን በረዶ ጭና ወደ ህንድ አገር ወደ ካልካታ ተነሣች። አራት ወር ተጉዛ፥ የምድርን ወገብ ሁለት ጊዜ አቋርጣ ስትደርስ 100 ቶን ያህሉ አልቀለጠም ነበር። ቱዶር በቡና ንግድ ከስሮ ከ200,000 ዶላር በላይ ዕዳ ቢወድቅበትም በበረዶው ትርፍ ከፍሎ ጨረሰ። በ1864 ዓ. ም. በ80 ዓመቱ በቦስተን አረፈ። በማድራስ የተሠራው የበረዶ ቤቱ ሕንጻ እስከ ዛሬ ቆሟል።

ተማሪ ሆይ፥ ማቀዝቀዣ ካገኘህ እኩል ውሃ አንዱን በስኒ፥ ሌላውን በዝርግ ሳሕን አርግተህ፥ በረዶውን ከዕቃው አውጥተህ በአንድ ጨርቅ ላይ አስቀምጥና ሰዓት ያዝ። የትኛው ቀድሞ እንደሚቀልጥ ዓይንህ ይነግርሃል። ቱዶር ይህን ለማወቅ ብዙ ገንዘብና ብዙ ዘመን ከፍሏል፤ እኛ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ ልንማረው እንችላለን።