ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት፤ የመጀመሪያውን ቴአትር ያሳዩን የሰያደብር ሰው



ዛሬ ልጆቻችን ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት ተደርድረው ድራማ ሲያዩ፣ በዓል ሲሆን ደግሞ ሲኒማና ቴአትር ቤት ሲሰለፉ፣ ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ የሚጠይቅ ብዙ የለም። በአማርኛ የመጀመሪያውን ቴአትር ጽፈው፣ አዘጋጅተው፣ በሰው ፊት ያቀረቡት ሰው ግን ከሩቅ የመጡ አይደሉም። ከመንዝና ከመርሐቤቴ ጋር ጎረቤት ከሆነው፣ ቀድሞ ተጉለትና ቡልጋ ይባል ከነበረው አውራጃ፣ የሰያደብር ተወላጅ ናቸው። ስማቸውም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ይባላል።

የተወለዱት በሰኔ ወር 1876 ዓ.ም. ነው። እንደ አገራችን ልጆች ሁሉ ፊደል የቆጠሩት በቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ገና በልጅነታቸው ሐረር ወርደው ከራስ መኰንን ቤት ገቡ፤ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ዘመቻ ሲሆንም ከራስ መኰንን ጋር አብረው ዘመቱ። እንግዲህ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ መሆናቸው ነው! ከድሉ በኋላ ሊዮንቲየፍ ከሚባለው የሩሲያ ሰው ጋር ወደ ሩሲያ ተላኩ። እዚያ ቋንቋውን ለምደው፣ ፒተርስቡርግ ከተማ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው፣ መኮንን ሆኑ። አገራቸው ሲመለሱ ልጅነታቸው አልፎ ጎልማሳ ሆነው ነበር። ኋላም ወደ ፈረንሳይ አገር ሄደው የእርሻ ትምህርት ጨመሩበት።

መቼም ሰው ከውጭ አገር ሲመለስ የሚያመጣው አይጠፋም። አንዱ ጠመንጃ፣ አንዱ ኮት ያመጣል። እኒህ ሰው ያመጡት ከባዱን ነገር ነው፤ ሰው መድረክ ላይ ቆሞ የሌላውን ሰው ጠባይ እያሳየ ተመልካቹን ሊያስተምር ይችላል የሚለውን አሳብ። በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ቴአትር ቤት የለ፣ የሠለጠነ ተዋናይ የለ። ሲኒማውንም ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» ብሎ ይሸሸው ነበር። ቴአትር ተብሎ ቢጠሩ ያዩት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነባቸው። ቴአትር ይህ አይደለም ብለው ብዕራቸውን አነሡ። 

ሥራው «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ይባላል። ላፎንቴን የሚባለው ፈረንሳዊ እንስሳትን እያናገረ የጻፋቸውን ተረቶች መሠረት ያደረገ ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ፣ ቴራስ በሚባለው ሆቴል፣ መኳንንቱና መሳፍንቱ በተሰበሰቡበት ታየ። እንስሳት የሚናገሩበት ተረት ለኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ የጦጣና የጅብ ነገር ማታ እሳት ዳር የማያውቅ ልጅ የለም። ለካ ብልኀቱ እዚያ ላይ ነበር። የሹመኛውን ጉቦ መብላት፣ የአስተዳደሩን ብልሹነት በቀጥታ ቢናገሩት ማን ይሰማቸዋል? በአውሬ አፍ ሲነገር ግን ሁሉም ይስቃል፤ ከሳቀ በኋላ ነው ያ አውሬ እኔ እሆን እንዴ የሚለው። ሰምና ወርቅ ባለበት አገር ወርቁን የሚፈታ አይጠፋም፤ ተፈታም።

ነገሩ ንግሥት ዘውዲቱ ዘንድ ደረሰ። ቴአትሩ መኳንንቱን ይነካል ተብሎ ተከለከለ፣ የታተመውም እንዲሰበሰብ ሆነ። ቴአትር የሚባል ነገር ከዚያ በኋላ እስከ ዘመነ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ቀና አላለም። በእኔ አስተያየት እዚህ ላይ አገር ተጎዳች። በጠመንጃ ያልመጣን፣ በሳቅ የመጣን ሰው ዝም ማሰኘት ምን ይሉታል? እሳቸውስ የመድፍ ተማሪ ነበሩ እኮ፤ የመረጡት ግን ተረት ነው። በኋላ እነ ዮፍታሔ ንጉሤ መጥተው የተዘጋውን መንገድ እንደገና ከፈቱት።

ፊታውራሪ ግን ቴአትሩ ቢከለከልም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ጅጅጋን አስተዳደሩ፣ ጨርጨር ተሹመው አሰበ ተፈሪ የተባለችውን ከተማ ቆረቆሩ፣ በጅሮንድ ተብለው የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት በዋናነት እሳቸው ናቸው። ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. ስትወረንም ጄኔቭ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር የኢትዮጵያን አቤቱታ ያቀርቡ ነበር። የንጉሠ ነገሥቱን ከአገር መውጣት ግን አልደገፉም። ከዚያ ስደት መጣ፤ ጅቡቲ፣ ኤደን፣ በመጨረሻም ማዳጋስካር ደሴት። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ብዙዎቹ ስደተኞች ወዲያው ተመለሱ፤ እሳቸው ግን አገራቸውን ያዩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። የዚህ ነገር ዝርዝር ረጅም ነው፤ የሕይወት ታሪካቸውን ራሳቸው ጽፈው ትተዋልና፣ ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሟል። ማንበብ የሚችል ልጅ ያለው አባል ያስነብብ።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም የአባታቸውን ፈለግ አልተዉም። «አርአያ» የሚለውን ልብ ወለድ የጻፉ እሳቸው ናቸው፤ «ቴዎድሮስ» የሚል ቴአትርም ደርሰዋል። አባትየው ይህን ሁሉ ለማየት በቁ፤ በልጅነታቸው ዐድዋን ያዩ ሰው የዘውዱንም መውደቅ አይተው፣ በ1969 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር፣ ዘጠና ሁለት ዓመት ሞልቷቸው ዐረፉ።