ዐፄ ቴዎድሮስና የዘገየው መልስ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ ተንቀሳቃሽ ስልክ ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ በጠየቁኝ ጊዜ፣ አገልግሎቱ በአዲስ አበባ ከተጀመረበት ከ1991 ዓ.ም. ልነሣ አስቤ ነበር። ነገር ግን ይህን ለሙያ ባልደረቦቼ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል። ስለዚህ ራቅ ብዬ፣ ስልክም ሽቦም ባልነበረበት ዘመን ከጉና ተራራ ማዶ ለማዶ ሳይሆን ከደብረ ታቦር እስከ ለንደን ቃላቸውን ለማድረስ የደከሙትን የዐፄ ቴዎድሮስን ሕይወት ለማውሳት መረጥሁ።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለዱ። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ በችግር ዘመናቸው ኮሶ ይሸጡ እንደ ነበር ይነገራል፤ ጠላቶቻቸውም በዚሁ ይሰድቧቸው ነበር። በገዳም ተምረው፣ በቋራ በረሃ ሸፍተው፣ የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አገቡ። ከዚያም አማታቸውን ራስ ዓሊን በ1845 ዓ.ም. በአይሻል፣ ደጃዝማች ውቤን በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ ድል ነሥተው ዘውድ ጫኑ። ይህ ሁሉ በየትምህርት ቤቱ የሚነገር ስለ ሆነ አልዘገይበትም።

ደብረ ታቦር ቀድሞ የየጁ ራሶች ከተማ ነበረች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ዋና መቀመጫቸው አደረጓት። ከከተማይቱ አጠገብ ባለችው በጋፋት ዋልድማየርን፣ ዛልሙለርንና ጓደኞቻቸውን አሰፈሩ። እነዚህ ሰዎች ከባዝል አካባቢ ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ እንጂ መድፍ የማቅለጥ ሙያ የነበራቸው አልነበሩም። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ከሰባኪነታቸው ይልቅ የእጃቸውን ሥራ ፈለጉ። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ ምድጃው እንደገና ተሠራ፤ ሌላ ተሞከረ። ዐፄ ቴዎድሮስም ወደ ሥራው ቦታ እየተመላለሱ ይጠይቁና ያዩ ነበር። በመጨረሻ በ1859 ዓ.ም. ክብደቱ 70 ኩንታል ገደማ የሚሆነው ሴባስቶፖል ተቀለጠ።

በዚህ መካከል ነበር የደብዳቤው ነገር የመጣው። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በቆንስሉ በካሜሮን እጅ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ላኩ። ስለ ቱርኮች በደል አመልክተው፣ መልእክተኞች ለመላክ መንገድ እንዲከፈትላቸውና ወዳጅነት እንዲጸና ይጠይቁ ነበር። ደብዳቤው በየካቲት ወር ለንደን ገባ። በበቅሎና በመርከብ ተጉዞ በአራት ወር ውስጥ መድረሱ ለዚያ ዘመን የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ገብቶ ተኛ። የእንግሊዝ መንግሥት ከቱርክና ከግብፅ ጋር የነበረውን ጥቅም ማወክ አልፈለገምና። በእኛ ሙያ ቋንቋ ብንናገር፣ መስመሩ አልተበጠሰም፤ የስልኩን እጀታ የሚያነሣ ግን ጠፋ።

ንጉሠ ነገሥቱ ከአንድ ዓመት በላይ ጠበቁ። ካሜሮንም በዚህ ጊዜ ወደ ሱዳን ጠረፍ፣ ግብፆች ወዳሉበት መሄዱ ተሰማ። በ1856 ዓ.ም. አሰሩት። ለንደን ደብዳቤውን ያስታወሰው ከዚህ በኋላ ነበር። መልሱን የያዘው ራሳም በ1856 ዓ.ም. ክረምት ምጽዋ ደርሶ፣ ፈቃድ ሲጠብቅ ከዓመት በላይ እዚያው ተቀመጠ። ከዐፄ ቴዎድሮስ ፊት የቀረበው በጥር 1858 ዓ.ም. ነው። ከጥያቄው እስከ መልሱ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር አለፈ። ራሳምና ጓደኞቹ በጣና ዳር በቆራጣ በክብር ሰነበቱ፤ በሚያዝያ ግን እነርሱም ታሰሩ። ሚስዮናዊው ፍላድ የእጅ ባለሙያዎችን እንዲያመጣ ተላከ። ፍላድ እንግሊዝ በደረሰበት በዚያው ክረምት ከአውሮፓ አሜሪካ የተዘረጋው የባሕር ገመድ ለዘለቄታው ሥራ ጀመረ፤ በደብረ ታቦር ግን የእርሱ ወሬ የሚጠበቀው በእግረኛ ነበር። የተጠየቁት ባለሙያዎች ምጽዋ ደርሰው ከዚያ አላለፉም።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ስንጽፍ የበጌምድርን ገበሬ መርሳት አይገባም። የጋፋት ምድጃ በሚነድበት ዘመን ጎንደር ተቃጥላለች፤ የሸፈተው አገር ተዘርፏል። በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን ራሷን አቃጥለው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ በጋይንት፣ በዋድላና በደላንታ ደጋ ዐለት እያስፈነቀሉ መንገድ አወጡ። እርሳቸውም ድንጋይ በእጃቸው ያነሡ ነበር። ጉዞው ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀ። በዚያው ወራት የናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ የባቡር ሐዲድ አንጥፎ፣ ወደ ደጋው የቴሌግራፍ ሽቦ እየዘረጋ ይመጣ ነበር። ለአንድ ደብዳቤ መልስ የነፈገው መንግሥት ለጦሩ ሽቦ አላጣም።

በመቅደላ ታስሮ ያደገው ወጣቱ ምኒልክ በ1857 ዓ.ም. አምልጦ ነበር። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ በእርሱ ዘመነ መንግሥት፣ በራስ መኰንን እጅ ነው።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. በአሮጌ ጦራቸው ተሸነፈ። ዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞቹን ለቀቁ፤ እጃቸውን ግን አልሰጡም። ሚያዝያ 6 ቀን፣ በፋሲካ ማግሥት፣ የእንግሊዝ ወታደሮች የመቅደላን በር ሰብረው ሲገቡ በሽጉጣቸው ራሳቸውን ገደሉ። ያ ሽጉጥ ንግሥት ቪክቶሪያ በካሜሮን እጅ የላኩላቸው ስጦታ ነበር። የደረሳቸውም ካሜሮን ያንን ደብዳቤ በተቀበለበት በዚያው ሰሞን ነው።