የቀጥቃጩ ልጅና ቀዩ ወርቅ

አንባቢ ሆይ፤ በአዲስ ከተማ፣ በመርካቶ፣ ከወርቅ አንጥረኞች ሱቅ ደጃፍ ቆመው የወርቅ ቀለም ምን ዓይነት ነው ብለው ቢጠይቁ ሰው ይስቅብዎታል። ወርቅ ቢጫ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቃል። ነገር ግን ወርቅ እጅግ ሲሳሳ አረንጓዴ፣ እጅግ ሲደቅም ቀይ ሆኖ እንደሚታይ በጥንቃቄ የመረመረው ሊቅ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር።

ማይክል ፋራዴይ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1791 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደ። ከማንበብ፣ ከመጻፍና ከጥቂት ሒሳብ በቀር ትምህርት አላገኘም። በ14 ዓመቱ ከመጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ሊማር ገባ፤ የሚጠርዘውንም መጽሐፍ እያነበበ ራሱን አስተማረ። በ1812 የታላቁን ኬሚስት የሃምፍሪ ዴቪን ትምህርት ሰምቶ፣ የጻፈውን ማስታወሻ በእጁ ጠርዞ ላከለት። በዓመቱም በሎንዶን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ረዳት ሆነ። በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል ውስጥ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አሳየ፤ የቆቃና የጊቤ ኃይል ማመንጫዎች የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ዕድሜው ስድሳን ካለፈ በኋላ ፊቱን ወደ ወርቅ መለሰ። ስስ የወርቅ ቅጠል በመስተዋት ላይ ለጥፎ ብርሃን ቢያሳልፍበት አረንጓዴ ሆነ፤ በእሳት ሲያግለው አረንጓዴነቱ ጠፋ፤ በጠንካራ ድንጋይ ሲጫነው ተመለሰ። ወርቅ ከሟሟበት ውሁድ ላይ ፎስፎረስ ሲጨምር ደግሞ እንደ ሩቢ ዕንቍ የቀላ ፈሳሽ አገኘ። የብርሃን ጨረር ሲልክበት የጨረሩ መንገድ በፈሳሹ ውስጥ ጎልቶ ታየ። ከዚህም የተነሣ ወርቁ ዓይን በማያያቸው ቅንጣቶች ተበትኖ እንደሚገኝ ተረዳ።

ይህን በ1857 ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ምክንያቱን በሒሳብ የገለጠው ግን ጀርመናዊው ጉስታቭ ሚ በ1908 ነው። በደቃቅ ቅንጣት ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከብርሃን ጋር አብረው ይወዛወዛሉ፤ አረንጓዴውን ብርሃን ሲውጡት ቀዩ ያልፋል።

ፋራዴይ የሰር ማዕርግ ቢሰጠው አልተቀበለም። በስተርጅና የማስታወስ ኃይሉ እየደከመ ሄዶ፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ከመሞታቸው ዓመት ሳይሞላ ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 25 ቀን 1867 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ዐረፈ። ካዘጋጃቸው ጠርሙሶች ጥቂቶቹ ግን እስከ ዛሬ ቀይ እንደ ሆኑ ተጠብቀዋል።

ዛሬ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የወባ በሽተኛን ደም በፈጣን መመርመሪያ ላይ ስታንጠባጥብ ብዙ ጊዜ የምትጠብቀው ቀይ መስመር ከደቃቅ ወርቅ የተሠራ ነው። ወጣቶች ሆይ፤ የመጽሐፍ ጠራዡ ተለማማጅ ትጋት ከቆላ መንደር ደርሶ ነፍስ ያድናል።