እቴጌ ምንትዋብ፦ የጎንደር ዘመን በአልባሳት፣ በሥዕልና በመገልገያ ዕቃዎች ሲቃኝ

ያለፉ ዘመናትን ታሪክ በአብዛኛው የምናውቀው ከዜና መዋዕል ነው። ዜና መዋዕል ግን ሹመትንና ሽረትን፣ ዘመቻንና ዕርቅን በዝርዝር ሲያወሳ፣ ሰዎቹ ምን ይለብሱ እንደነበር፣ በምን ይመገቡና ይጠጡ እንደነበር፣ ቤታቸውን በምን ያስጌጡ እንደነበር የሚነግረን በጥቂቱ ነው። ይህን ክፍተት የሚሞሉልን በየአድባራቱ ግድግዳ ላይ የቀሩ ሥዕሎች፣ በሣጥን ተጠቅልለው የኖሩ አልባሳት፣ የአንጥረኛ እጅ ያበጃቸው ዋንጫዎችና ዘውዶች ናቸው። በዚህ ጽሑፍ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደርን ያስተዳደሩትን የእቴጌ ምንትዋብን ሕይወት በእነዚሁ ምስክሮች አማካይነት እናስቃኛለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በመጨረሻ ከተመለከተው የአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በኤውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እንገልጻለን።

ከቋራ እስከ ጎንደር ቤተ መንግሥት

ምንትዋብ የተወለዱት በ1706 ገደማ በቋራ ነው። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ምንትዋብ የሚለው ስም ውበታቸውን ለማድነቅ የወጣ መሆኑን ስሙ ራሱ ይናገራል። እናታቸው ወይዘሮ እንኮዬ ይባላሉ። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው፣ ዐፄ በካፋ ማንነታቸውን ሰውረው አገር ሲዞሩ ቋራ ላይ ይታመማሉ፤ ያረፉበት ቤት ልጅም በትጋት ታስታምማቸዋለች። ንጉሡ ከዳኑ በኋላ ያችን ልጅ አስመጥተው አገቧት፤ እርሷም ምንትዋብ ነበረች ይባላል። አፈ ታሪኩ በዝርዝሩ እውነት ሆነም አልሆነ፣ ምንትዋብ የዐፄ በካፋ ባለቤት ሆነው ወደ ጎንደር መግባታቸውና ኢያሱ የተባለ ወንድ ልጅ መውለዳቸው የተረጋገጠ ነው።

ዐፄ በካፋ በ1730 ሲያርፉ አልጋ ወራሹ ገና ሕፃን ነበር። ምንትዋብ ከልጃቸው ከዳግማዊ ኢያሱ ጋር ዘውድ ጭነው ብርሃን ሞገሳ በሚል ስመ መንግሥት ነገሡ። ቀደም ሲል የነገሥታት እናቶችና ባለቤቶች ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ምክር ሲለግሱ የቆዩ ቢሆንም፣ ዘውድ ደፍቶ ከንጉሥ ጋር በይፋ መንገሥ ግን እምብዛም ያልተለመደ ነገር ነበር። ወንድማቸውን ወልደ ልዑልን ጨምሮ የቋራ ዘመዶቻቸውን በየሹመቱ አስቀመጡ። በንግሥናቸው መጀመሪያ ዓመታት የተነሣውን ብርቱ ዓመፅ ተቋቁመው፣ ለረጅም ዓመታት አገሪቱን መሩ።

ልብስ እንደ ሹመት ደብዳቤ

በጎንደር ዘመን ልብስ ገላን ከመሸፈን ያለፈ ትርጉም ነበረው። አንድ ሰው ከየትኛው ማዕረግ እንደሆነ፣ ንጉሥ ምን ያህል እንዳከበረው፣ በማን ፊት እንደቆመ የሚታወቀው ከለበሰው ነበር። ተራው ሕዝብ በአገር ውስጥ ጥጥ የተሸመነ ሸማና ጋቢ ሲለብስ፣ መኳንንቱ ከሐር፣ ከከፋይና ከወርቀ ዘቦ የተሠሩ ካባዎችንና እጀ ጠባቦችን ይደርቡ ነበር። ለጀግንነት ወይም ለታማኝነት ከሚሰጡት ሽልማቶች ዋነኛው የክብር ልብስ ነበር፤ ተሸላሚው በአደባባይ ሲለብሰው ሹመቱን ያነበበ ያህል ይቆጠራል። ያንኑ አንድ ሸማ እንኳ የሚያጣፉበት አኳኋን ይለያይ ነበር። ከበላይ ፊት የቀረበ ሰው ትከሻውን ገልጦ፣ ሸማውን ወገቡ ላይ አደግድጎ መቆሙ የአክብሮት ምልክት ነው።

ውዶቹ ጨርቆች በአብዛኛው የሚመጡት ከባሕር ማዶ ነበር። ከህንድና ከዐረብ አገር የተጫኑ ሐርና ከፋይ በምጽዋ ወደብ ገብተው፣ በነጋዴ ቅፍለት ተራራውንና በረሃውን አቋርጠው ጎንደር ይደርሳሉ። ከአገር ደግሞ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ገንዘብ የሚቀመጥበትን ሥፍራ ግምጃ ቤት ብለን ስንጠራ፣ ግምጃ ማለት ውድ የሐር ጨርቅ መሆኑን ብዙዎቻችን አናስተውልም። ጨርቅ ራሱ ሀብት፣ የመንግሥትም መሣሪያ የነበረበት ዘመን ትዝታው በዚህ ስያሜ ውስጥ አለ።

እቴጌ ምንትዋብ የልብስን ኃይል ጠንቅቀው እንደተረዱ የሚያሳየን በጣና ሐይቅ፣ በደቅ ደሴት በሚገኘው የናርጋ ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሥዕላቸው ነው። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት እርሳቸው ናቸው። ሥዕሉ እቴጌዪቱን ልጇን ከታቀፈችው ከድንግል ማርያም እግር ሥር ተደፍተው ያሳያቸዋል። የተደፉት ግን ዘውዳቸውን እንደጫኑ፣ ባለ ጌጥ የክብር ልብሳቸውን እንደለበሱ ነው። ትሕትናና ሥልጣን በአንድ ሥዕል ላይ ጎን ለጎን ቀርበዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑን ለመሳለም የሚመጣ ምእመንም ሁለቱን አብሮ ያያል።

የሥዕል አዲስ መንገድ

የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች የጎንደርን ሥዕል በሁለት ይከፍሉታል። የመጀመሪያው፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የዳበረው፣ በብሩህና ወጥ ቀለም፣ ባልተወሳሰበ መስመር ይታወቃል። ሁለተኛው የጎለበተው በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ በአብዛኛውም በእርሳቸውና በቤተ መንግሥታቸው ድጋፍ ነው። በዚህኛው የአሣሣል ስልት ፊቶች በጥላ ተቀርጸው ይወጣሉ፤ መደቡ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው እየተዋሐደ ይሄዳል፤ ቅዱሳኑም አበባና ሐረግ የተጣለበት ግምጃ ለብሰው ይታያሉ። ሠዓሊዎቹ በቤተ መንግሥት ያዩትን ጨርቅ በሥዕላቸው ላይ በጥንቃቄ አስፍረዋልና፣ ዛሬ ጨርቁ ተበልቶ ባለቀበት ሥዕሉ ስለ ጨርቁ ይመሰክራል።

ሸማኔና ሠዓሊ በሌላም መንገድ ይገናኙ ነበር። በብዙ አብያተ ክርስቲያናት የመቅደሱ ግድግዳ የሚሣለው በቀጥታ በጭቃው ላይ ሳይሆን፣ በግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነበር። የዚያ ዘመን ሥዕል ሲበላሽ አብሮት የሚበላሸው የሸማኔው ሥራ መሆኑን የጥገና ባለሙያዎች በሚገባ ያውቁታል።

ቁስቋም፦ የእቴጌዪቱ መኖሪያ

እቴጌ ምንትዋብ በጎንደር የነገሥታት ግቢ ውስጥ በስማቸው የሚጠራ ቤተ መንግሥት አላቸው። ይበልጥ የሚታወሱት ግን ከከተማው በስተሰሜን ምዕራብ ባለው ኮረብታ ላይ ባሠሩት በደብረ ፀሐይ ቁስቋም ነው። ስሙ የተወሰደው ቅድስት ቤተሰብ በስደት ካረፈችበት የግብፅ ሥፍራ ነው። በ1730ዎቹ የተጀመረው ይህ ግቢ ቤተ ክርስቲያንን፣ የግብር አዳራሽንና መኖሪያን በአንድ ቅጥር ያካተተ ሲሆን፣ ግንቡ ከቀላ ድንጋይ በተፈለፈሉ መስቀሎችና የእንስሳት ምስሎች ያጌጠ ነበር።

በግብር ቀን ወለሉ በምንጣፍ ይሸፈናል፤ መሶቡ ይደረደራል፤ ጠጅ በቀንድ ዋንጫ ይቀዳል። በገበያ ደግሞ የዕለት ሸቀጥ የሚገዛው በአሞሌ ጨው፣ ትልልቁ ግብይት የሚፈጸመው በወቄት በሚመዘን ወርቅ ነበር። ዳግማዊ ኢያሱም እንደ እናታቸው ለሕንፃና ለጌጥ የነበራቸው ፍቅር ብርቱ ነበር። ከሰምርኔስ የመጡ የግሪክ አንጥረኞችን አሠርተው፣ የቤተ መንግሥታቸውን አንድ ክፍል በዝሆን ጥርስና ከቬኒስ በመጡ መስታወቶች አስጌጡ።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልመጣም። ንጉሡ ከመንግሥት ሥራ ይልቅ ለጌጥና ለአደን አድልተዋል ተብለው በዘመናቸው ተነቅፈዋል፤ በ1755 ሲያርፉም ግምጃ ቤቱ ተመናምኖ መገኘቱ ይነገራል። የእቴጌዪቱን ዘመን ውበት ስናደንቅ ይህንንም መዘንጋት አይገባም።

ስማቸው ያልተጻፈ እጆች

በተለይ ሊታወስ የሚገባው ሌላ ጉዳይ አለ። የጎንደርን ግንብ ያነጹት፣ ብረቱን የቀጠቀጡት፣ ሸክላውን የሠሩት በአመዛኙ ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ፤ በሽመናና በንግድ ደግሞ የጎንደር ሙስሊሞች ስመ ጥር ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ ድምቀት በእነዚህ ዜጎች እጅ ላይ የቆመ ቢሆንም፣ ማኅበረሰቡ ባለ እጅን ጠይብና ቡዳ እያለ ይንቅ፣ መሬት እንዳይኖረው፣ በጋብቻም እንዳይዛመድ ያገልለው ነበር። አሠሪዎቹ በዘውድ ተሥለው ሲቀሩ፣ የአብዛኞቹ ሠሪዎች ስም አልተጻፈም። ዛሬ የብዙዎቹ የቤተ እስራኤል ባለሙያዎች ተወላጆች በእስራኤል ይኖራሉ፤ ግንቡ ግን የአባቶቻቸውን እጅ ጥበብ ተሸክሞ በጎንደር ቆሟል። አንድን ጥንታዊ ዕቃ ስንመለከት የማን ነበር ከሚለው ጥያቄ ጋር ማን ሠራው ብለን መጠየቃችን፣ ለእነዚህ ወገኖች የሚገባቸውን ሥፍራ መመለስ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

ከዳግማዊ ኢያሱ ቀጥሎ የነገሠው የእቴጌዪቱ የልጅ ልጅ ኢዮአስ ነበር። እርሱም ሕፃን ስለነበር ምንትዋብ እንደገና የመንግሥቱን ሥራ ያዙ። ይሁንና የኢዮአስ እናት ከወሎ ኦሮሞ ወገን ስለነበሩ፣ በእርሳቸው ዘመዶችና በምንትዋብ የቋራ ዘመዶች መካከል የሥልጣን ፉክክር በረታ። ለማስታረቅ ከትግራይ የተጠሩት ራስ ሚካኤል ስሑል ሥልጣኑን በእጃቸው አስገቡ፤ በ1769ም ዐፄ ኢዮአስ ተገደሉ። ከዚህ በኋላ ዘመነ መሳፍንት ተከተለ።

እቴጌ ምንትዋብ ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን ቀብረው ወደ ቁስቋም ተመለሱ። በ1770 ጎንደር የደረሰው የስኮትላንድ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በቤተሰባቸው ውስጥ የገባውን ፈንጣጣ ለማከም ወደ ቁስቋም ተጠርቶ እንደነበር፣ በዕድሜ የገፉት እቴጌም በደግነት እንዳስተናገዱት ጽፏል። በ1773 ዐረፉ።

የተበተነው ቅርስ

ከእረፍታቸው በኋላ ያሠሩት ሁሉ በቦታው አልቆየም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት ብዙ መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን ወደ መቅደላ አጋዙ። በሚያዝያ 1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ እነዚህ ቅርሶች ተዘርፈው ወደ ባሕር ማዶ ተወሰዱ። የወንጌላውያንና የሐዋርያት ምስል የተቀረጸበት፣ ምንትዋብና ዳግማዊ ኢያሱ ለቁስቋም ቤተ ክርስቲያን እንደሰጡት የሚታመን የወርቅ ዘውድ፣ እንዲሁም የወርቅ ጽዋ ዛሬ ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይታያሉ። በብሪቲሽ ሙዚየም ደግሞ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት ያለው፣ ከሐር ክር የተሸመነ የመቅደስ መጋረጃ አለ። በላዩ ከተሸመኑት ባለ ዘውድ ምስሎች መካከል በካፋ፣ ምንትዋብና ሕፃኑ ኢያሱ እንደሚገኙ ተመራማሪዎች ይገምታሉ።

በቦታው የቀረውም ከጉዳት አልዳነም። በ1888 ደርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ተቃጠለ። ቤተ ክርስቲያኑ በኋላ ታድሶ አገልግሎት ሲሰጥ፣ የቤተ መንግሥቱ ፍርስራሽ ግን እስከ ዛሬ ይታያል። ግቢው ከፋሲል ግቢ ጋር በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዘውዱና መጋረጃው ዛሬ በደኅና ተጠብቀዋል። ሆኖም ለቁስቋም የተሰጠ ዘውድ ከቁስቋም፣ ቅዳሴ ሲቀደስ እንዲዘረጋ የተሸመነ መጋረጃ ከቅዳሴው ከተለየ፣ አገልግሎቱን የሚያውቁት ካህናትና ታሪኩን የሚያወርሱት ሽማግሌዎች በሌሉበት በመስታወት ውስጥ ይቀመጣል። ቅርስ ከቦታው ሲነሣ ከዕቃው ጋር ብዙ ዕውቀት አብሮ ይጠፋል የሚባለው ስለዚህ ነው።

ከዜጎች የሚጠበቅ ተሳትፎ

የዚያን ዘመን ታሪክ የሚነግሩን ዕቃዎች በሙዚየም ብቻ የሚገኙ አይደሉም። ከአያት የተወረሰ የብራና መጽሐፍ፣ ጥልፍ ካባ፣ የቀንድ ዋንጫ ወይም የብር ጌጥ በብዙ ቤቶች ይገኛል። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በግል ይዞታ ያለ ቅርስም እንዲመዘገብና እንዲጠበቅ ይደነግጋል። በዚሁ መሠረት፦

በይዞታዎ ጥንታዊ ዕቃ ካለ፣ ለማስመዝገብ በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ወይም ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ይቅረቡ።

በቁፋሮ፣ በግንባታ ወይም በአጋጣሚ ቅርስ ካገኙ፣ ሳያንቀሳቅሱና ሳይነካኩ ወዲያውኑ ያሳውቁ፤ ኃላፊነት ያለው አካል እስኪረከበው ድረስም ይጠብቁት።

ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በሕግ የተከለከለ ነው። ጥንታዊነት ያለውን ወይም የሚመስለውን ዕቃ ይዘው የሚጓዙ ከሆነ አስቀድመው የማረጋገጫ ፈቃድ ያግኙ።

በመጨረሻም፣ ስለ ዕቃው የሚያውቁትን ታሪክ በጽሑፍ ያኑሩ። የማን እንደነበር፣ በምን በዓል ይለበስ ወይም ለምን አገልግሎት ይውል እንደነበር፣ ከተቻለም የሠራውን ባለሙያ ስምና ሥፍራ ይመዝግቡ። የጎንደርን ግንብ ያነጹት፣ የእቴጌዪቱን ልብስ የሸመኑት ባለሙያዎች ስም በወቅቱ አልተጻፈላቸውም። በእጃችን ያሉት ቅርሶች ግን ከነባለሙያዎቻቸው ታሪክ ለልጆቻችን እንዲደርሱ ማድረግ እንችላለን።