የጆርጅ ዋሽንግተን ጥርሶች

በአንድ ዶላር ኖት ላይ የታተመውን መልክ አስተውላችሁ አይታችሁት ይሆን? ከንፈሩ ግጥም ብሎ የአፉ ዙሪያ ያበጠ ይመስላል። ጊልበርት ስቱዋርት የተባለ ሠዓሊ ይህን መልክ በ1796 ዓ.ም. ሲሥል፥ ባለመልኩ በአፉ ውስጥ ሰው ሠራሽ ጥርስ አድርጎ ነበር። (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) ስለ ጦርነቱና ስለ አገር አመራሩ በክፍል ተምረናልና፥ እኔ ሕይወቱን በጥርሱ በኩል ልተርክላችሁ አሰብሁ።

ጆርጅ ዋሽንግተን በ1732 ዓ.ም. በቨርጂንያ ተወለደ። በ11 ዓመቱ አባቱ ሞተበት፤ በ17 ዓመቱ የመሬት ቀያሽ ሆነ፤ ቀጥሎም ወታደር። 24 ዓመት ሲሆነው አንድ ጥርሱን አስነቅሎ 5 ሽልንግ ከፈለ። ከዚያ ወዲህ ሕመሙ ዕድሜውን ሙሉ አልተለየውም። ቸልተኛ ነበረ እንዳይባል ብሩሽና የጥርስ ዱቄት እየገዛ ያጸዳ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ለታመመ ጥርስ ዋናው መድኃኒት ጉጠት ነበረ፤ ያውም ያለ ማደንዘዣ!

ዛሬ ቢሆን ሐኪሙ የተጎዳውን ጥርስ ሞርዶ እንደ ቆብ ያለ ጠንካራ ሽፋን ያለብሰው ነበር፤ ይህን ክራውን ይሉታል። ከመካከል አንድ ጥርስ ቢጎድል ደግሞ ግራና ቀኝ ያሉት ምሰሶ ሆነው ሰው ሠራሹን ጥርስ እንደ ድልድይ ይሸከሙታል። ምሰሶ ከሌለ ግን ድልድይ የለም። የዋሽንግተንም ችግር ይኸው ነበር።

ከ1775 ዓ.ም. ጀምሮ የጦር አዛዥ ሆኖ፥ በ1781 ዓ.ም. እንግሊዞችን በዮርክታውን ድል አድርጎ፥ በ1789 ዓ.ም. የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኖ ቃለ መሐላ ሲፈጽም፥ በአፉ የቀረው የራሱ ጥርስ አንድ ብቻ ነበረ። ጆን ግሪንውድ የተባለው የጥርስ ሐኪም ከጉማሬ ጥርስና ከሰው ጥርስ መንጋጋ ሠራለት፤ ለዚያች ለቀረችው ጥርስም ቀዳዳ ተወላትና የሥራው ሁሉ መያዣ እርስዋ ሆነች። በ1796 ዓ.ም. እርስዋም ወጣች፤ ግሪንውድ እንደ ማስታወሻ አስቀመጣት። የእንጨት ጥርስ ነበረው እየተባለ የሚወራው ግን ሐሰት ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ የሒሳብ መዝገቡ ነው። በግንቦት ወር 1784 ዓ.ም. ዋሽንግተን 9 ጥርሶችን ከጥቁር ባሮች ገዝቶ 6 ፓውንድ ከ2 ሽልንግ እንደ ከፈለ ተጽፎአል። ጥርሶቹ የተገዙት ላ ማዬር ለተባለው ሐኪም ነው፤ ይህም ሰው ከአንዱ አፍ የተነቀለውን ጥርስ በሌላው ድድ ላይ ይተክል ነበር። ሐኪሙ በጋዜጣ ሲያስታውቅ ለአንድ የፊት ጥርስ 2 ጊኒ እሰጣለሁ ይል ነበርና፥ ለባሮቹ የደረሳቸው ከዚህ ሲሶው እንኳ አይሞላም። ገንዘብ ተከፍሎአቸዋልና ሽያጭ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን፥ ጌታው ጥርስህን ሽጥልኝ ሲለው አልሸጥም ለማለት የሚችል ባሪያ ነበረ ብዬ አላምንም።

ዋሽንግተን በታኅሣሥ 14 ቀን 1799 ዓ.ም. በ67 ዓመቱ ሞተ። በኑዛዜው የራሱ የሆኑት 123 ባሮች ሚስቱ ከሞተች በኋላ ነጻ እንዲወጡ አዘዘ፤ እርስዋም ሳትሞት በጥር 1801 ዓ.ም. ለቀቀቻቸው። የሒሳብ መዝገቡ ጥርስ የሸጡትን ሰዎች ስም አልጻፈም፤ ቍጥሩንና ዋጋውን ብቻ ነው።